አርባ አንደኛው ሙከራ

ድርጅታችን የሚሠራው ሶፍትዌር የባልና ሚስት ታሪክ ነው፤ ግን ዝም ብሎ አይነበብም። ተጫዋቹ ባልየውን ሆኖ ይናገራል፣ ይመርጣል። እሱ አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር ሚስትየዋ ምን እንደምትመልስ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ቢዋሻትስ? በሩን ቢቆልፍባትስ?

ስጽፋት ልቤ ታናሽ እህቴ ጋ ሄደ። እህቴ ስትፈራ አትጮኽም። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ የታጠፈ ልብስ አውጥታ እንደገና ታጥፋለች። ሲቆጧት እሺ ትላለች፣ ግን ንቅንቅ አትልም። አንድም ሳላስቀር አሰፈርኩት።

"ይቺ ሴትዮ እኮ ነፍስ ዘራች!" አለኝ ኮዱን የሚጽፈው ባልደረባዬ። መነጽር ነው የምንለው። ደስ አለኝ። እህቴን ማስፈቀድ ትዝም አላለኝ።

ለሙከራ ሠላሳ ሰው ሲፈለግ የእህቴን ባልም አስመዘገብኩት። ትሑት ሰው ነው፤ በዕድሜ ቢበልጠኝም "እትዬ" ነው የሚለኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መነጽር ወንበሩን ወደ እኔ ጎተተ።

"አንዱ ተጫዋችሽ ችክ ብሏል። አንድ ትዕይንት ላይ አርባ አንድ ጊዜ!"

የተጫዋቾቹ ምርጫ የሚመዘገብበትን ፋይል ከፈትኩ። ባልየው ሚስቱን ከከተማ ውጪ ወዳለው ግድብ እንሂድ የሚልበት ቦታ ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ በፍቅር ጠየቃት፤ ሳቀች። ተቆጣት፤ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ስልኳን ደበቀባት፤ በጓሮ ወጥታ ጎረቤት ገባች። አልተናደደም። በየቀኑ እየተመለሰ አንድ ቃል ብቻ ይቀይራል። በመጨረሻ "እህትሽ ታማለች፣ ቶሎ ነዪ" አላት። ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታስር መኪናው ውስጥ ገባች። እሱም ጨዋታውን ዘጋ። በዚያው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ።

"ጨዋታ እኮ ነው" አለ መነጽር። "ሰው በጨዋታ የማያደርገው የለም።"

የተጫዋቹን ቁጥር ከስም ዝርዝሩ ጋር አስተያየሁት። የእህቴ ባል ነው። ከእኔ ስልክ ብደውልላት ስሜን ያያል ብዬ በመነጽር ስልክ እህቴ ጋ ደወልኩ።

"ሄሎ?" አለች እህቴ፣ እያለቀሰች።

"እኔ ነኝ። ስሜን እንዳትጠሪ! ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም። ቢሮ ነኝ።"

ሳቀች።

"የት ደረሳችሁ?"

"አይ፣ ዛሬ ሥራ አልገባም" አለች፣ ለሥራ ባልደረባዋ እንደምትመልስ ሁሉ። "መንገድ ላይ ነኝ። ከተማው መውጫ ላይ ያለው ማደያ ጋ ልንደርስ ነው።"

"ሽንት ቤት ልግባ በዪው። ከውስጥ ቆልፊና ጠብቂኝ።"

መነጽር በመኪናው አከነፈኝ። ስንደርስ የእህቴ ባል መኪናውን ተደግፎ ቆሟል።

"እትዬ፣ ምነው ደነገጡ?" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ላዝናናት ብዬ እኮ ነው። እንዲህ ካላልኳትማ ከቤት አትወጣልኝም።"

በመኪናው መስኮት ወደ ውስጥ አየሁ። ለመዝናናት የሚሆን አንዲት ጠርሙስ ውኃ እንኳ አልነበረም። ሽንት ቤቱን አንኳኩቼ ስሜን ነገርኳት። በሩን እስክትከፍት ብዙ ቆየች።

ምርጫዎቹን አትመን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ገልብጦ ገልብጦ፣ "በጨዋታ ሰው አይከሰስም" ብሎ መለሰልን።

እህቴ እኔ ጋ ገባች። ስድስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በሰባተኛው ቀን ራት አቅርቤላት ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"እሱ ግድቡ ጋ ምን ሊያደርገኝ እንደነበር አላውቅም" አለች። "አንቺ ግን እታለም፣ የሚያሞኘኝን ሳይቀር ጽፈሽ ለሠላሳ ሰው አደልሽኝ።"

ይቅር በዪኝ አልኳት፤ ፊቷን አዞረች።

ሚስትየዋ ትሰረዝ ብዬ አለቃችንን ለመንኩት። "ሰው የወደደው እሷን ነው፣ አይሆንም" አለኝ። ሥራዬን ለቀቅኩ። ሶፍትዌሩ ባለፈው ወር ገበያ ላይ ዋለ።

እህቴ አሁን አሁን ታናግረኛለች፣ በአጭር በአጭሩ። ጠዋት አብረን ስንወጣ ባሏን አንዳንዴ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እናየዋለን። አይጠጋንም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በትሕትና ሰላም ይለናል።