የኦርቪል ጠመንጃ

«ልጅቱ ናት ያበላሸችበት» አለ በረንዳው ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

ቴሳ ከመስኮቱ ወዲህ፣ ወጥ ቤት ቆማ ጎረቤት ያመጣውን ዶሮና ሩዝ ለለቀስተኛ ትከፍላለች። አባቷ ኦርቪል ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። በአርካንሳው የሩዝ አገር፣ በዳክዬ አደን ወቅት፣ የለቅሶ ቤቱም ወሬ ያው ጠመንጃ ነው።

የአባቷ ታናሽ ወንድም ሊሮይ የማን ጠመንጃ ይሻላል በሚለው ክርክር ነው ያረጀው። «የኔዋ ቀጣዩን ጥይት በባሩዱ ጋዝ ነው የምታጎርሰው። ትከሻ አትጎዳም፣ ዋጋዋም የሱ ግማሽ። ትቆሽሻለች፤ እወለውላታለሁ፣ በቃ! ወንድሜ ግን ሁለት ሺህ ዶላር ከስክሶ ወደ ኋላ ስትመታ በራሷ ምት የምታጎርሰውን ገዛ። ጭቃ ብትበላም ጥይት አትነክስም ሲለን ኖረ፤ ይኸው ነከሰች።»

ያን ጠዋት ቴሳ መቼም አትረሳውም። ባለፈው ዓመት ነው፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፣ ዳክዬው ከላይ ይወርዳል። አባቷ አንድ ተኮሰ፤ ሁለተኛው ጥይት አልገባም። ደገመ፤ ያው። በስድስት ወንዶች ፊት ዞሮ «ማን ነው የወለወላት?» አለ።

«እኔ።»

«ጠመንጃዬን ገደልሽብኝ!»

ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የሱን ጠመንጃ የምትወለውል እሷ ነበረች። ቀና ብላ ስታየው ካፖርቱ ሰፍቶት በከሳ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ ገባት፤ ግን አልነገረችውም። አባቷ ያቺን ጠመንጃ ለሊሮይ ሰጠ፣ ሊሮይም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። ቴሳ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ሆነች። አባቷም ቃሉን ሳያነሳላት ሞተ።

«ቆይ፣ ላሳያችሁ» አለ ሊሮይ። ለቤተሰቡ ሊመልሳት ይዟት የመጣውን የወንድሙን ጠመንጃ ከመኪናው አውጥቶ መጣና ወደ ባዶው እርሻ ተኮሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም ቀለህ መሬት ላይ ወደቀ። አንዴም አልነከሰችም።

ሊሮይ ፊቱ አመድ መስሎ ወጥ ቤት ገባ።

«ምንም አልሆነችም፣ ቴሳ።»

«አውቃለሁ። ስትመታ የሚመክታት ትከሻ ካላገኘች አታጎርስም። የአባዬ ትከሻ ደግሞ ከስቶ አልቆ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገርሽው?»

«እየሞትክ ነው ልበለው?»

ከቀብሩ ወዲህ ቃል ያልተነፈሰችው እናቷ ኦፓል ከጠረጴዛው ጥግ ቀና አለች። «ያውቅ ነበር።»

«ምኑን፣ እማዬ?»

«ትከሻውን። የዚያኑ ዕለት ነገረኝ። ‹ሰዎቹ ከሚያዝኑልኝ ቴሳ ትሸከምልኝ፤ እሷ ትችለዋለች› አለ።»

ቴሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። የመጣባት እንባ አልነበረም፣ ንዴት ነው። በሕይወት እያለ እንኳ እንደዚህ ጠልታው አታውቅም።

«አንድ ቀን እንኳ... ለብቻዬ ጠርቶ...» አለች።

ሊሮይ ብድግ አለ። «አሁኑኑ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ! ስምሽን እንዲህ አጥፍተው—»

በሩ ጋ ሳይደርስ እጅጌውን ያዘችው።

«ተወው፣ አጎቴ።»

«እንዴት እተወዋለሁ?»

«‹ቴሳ ዘይት አብዝታባት ነበር፣ ዘይቱ ስለደረቀ ነው አሁን የሠራችው› በላቸው።»

እንባዋ ያኔ መጣ። ሊሮይ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷ ግን እጅጌውን አልለቀቀችም።