ለግድግዳው የመጣ ወተት

"ኦቦ ቀጀላ፣ እኔ የለመንኩዎት የተበላሸ ወተት ነበር እኮ" አለች ድርቤ፣ እስከ አፉ የሞላውን ጆግ በሁለት እጇ ተቀብላ። ወተቱ ገና ትኩስ ነው፤ አረፋው አልጠፋም።

"ለግድግዳው ነው፣ አዴ ድርቤ። ለግድግዳው ይሁን" አሉ ጎረቤቷ፣ ፊቷን ሳያዩ።

ድርቤ ሳቀች። ሰጪ ስጦታውን ማሳነሱ የአገር ወግ ነው። ልጇ ኬኔ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከሲሬ መጥታ እሷ ዘንድ ናት፤ ሽማግሌው ለነፍሰ ጡሯ አዝነው በግድግዳው አመካኙ ብላ ገመተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆጉ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ለኬኔ አንድ ብርጭቆ ትቀዳለች፤ የተረፈው ለቀለሙ ይሆናል።

የዘይት ቀለም ሽታ ኬኔን ስለሚያስመልሳት የአራሷን ክፍል በወተት ለመቀባት ቆርጣለች። ወተቱ እስኪረጋ ይቀመጣል፣ ቅባቱ ይገፈፋል፣ እርጎው በሻሽ ይጠለላል። ከራሰ ኖራ ጋር ሲታሽ እንደ ሙጫ ይዝለገለጋል፤ ቀይ አፈር ጣል ሲደረግበት ደግሞ ግድግዳው ሞቅ ያለ መልክ ይይዛል።

የመጨረሻውን ግድግዳ በመቀባት ላይ ሳለች የቀጀላ ላም ጮኸች። ከትናንት ጀምሮ ትጮህ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዛሬ ሻክሯል፣ የሆነ ነገር ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ይመስላል።

"ጥጃዋን ሸጡባት እንዴ?" አለች ኬኔ ከአልጋው ላይ።

ድርቤ ብሩሹን አስቀምጣ ወደ አጥሩ ሄደች። ጥጃው እዚያው አለ፤ ከእናቱ ርቆ ታስሯል። ላሟ በሁለት ገመድ ተጠፍራ ለሃጯ እስከ መሬት ይዝረበረባል። ቀጀላ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"ምን ነክቷት ነው?"

"ያ ሰፈሩ የገደለው እብድ ውሻ ነክሷት ነበር" አሉ። "የከብት ሐኪሙ ወተቷን እንዳትጠጡ አለኝ። ወተት ደግሞ መሬት ላይ አይደፋም፣ ነውር ነው። አንቺ ለግድግዳ ብለሽ ስትመጪ እግዜር የላከሽ መሰለኝ።"

ድርቤ ኖራ የደረቀበትን እጇን አየች።

"ኬኔ ጠጥታዋለች። በየጠዋቱ።"

ሽማግሌው ተነሡ። "አፍልታችሁ ነዋ?"

"ትኩሱን። ከእጅዎ እንደተቀበልኩት።"

ወደ አጥሩ ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ላሟ ልትድን እንደምትችል፣ ወሬው ከወጣ ግን እንደሚገድሉባቸው፣ ሌላ ከብት እንደሌላቸው ነገሯት። "ከጠየቁሽ ከገበያ ነው የገዛሁት በይ። በባልሽ ነፍስ።"

የባሏን ሬሳ የተሸከሙ ሰው ናቸው። ለሳቸው እምቢ ብላ አታውቅም።

ተመልሳ ስትገባ ኬኔ ብሩሹን ይዛ ከበሩ ሥር የቀረውን እየቀባች ነበር። "ሃርሜ፣ ይኼኛው ቶሎ ደርቋል" አለች። ድርቤ ብሩሹን ከእጇ ወስዳ ጫማዋን እንድታደርግ ነገረቻት፤ ምክንያቱን የነገረቻት ወደ ሆስፒታል በሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ ነው። ኬኔ አላለቀሰችም፤ እስኪደርሱ ድረስ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ወተቱ ከየት እንደመጣ ጠየቀች።

"ከጎረቤታችን፣ ከኦቦ ቀጀላ" አለች ድርቤ። ቤታቸው ባኬ ጃማ ሰፈር የት ጋ እንደሆነ ተናገረች፤ ጥጃው እንደጠባም አልደበቀችም።

ነርሷ ኬኔን የመጀመሪያውን የክትባት መርፌ ወጋቻት። ከዚያ ወደ ቀበሌው ደወለች።