አሳይሻለሁ

«ታቢታ እጅ ላይ ስለት ያየ አለ?» ሀሴት ከዛቻ መመዘኛ ቅጿ ቀና ብላ ሁሉንም ተራ በተራ አየች።

ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ደብሪቱ በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የማኅበረሰብ ፖሊሱ ሰለሞንም «እኔ ጋ የደረሰ ነገር የለም» አለ። የዩኒት መሪው አምሳሉ ብቻ የቢሮውን መሳቢያ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መሳቢያው ውስጥ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ሲፈትሽ ከታቢታ ቦርሳ ያወጣው የካርቶን መቁረጫ አለ። «ለሥዕል ነው» ብላው ነበር። አልመዘገበውም፤ ለማንም አልተናገረም።

ሰኞ ዝም ያለው ከስንፍና ነው። ማክሰኞ ታቢታ ሰሌዳው ላይ «ኢየሩስ፣ አሳይሻለሁ» ብላ ስትጽፍ ግን ዝምታው ሌላ መልክ ያዘ። ሁለቱም የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ዓምና የክፍሉ አለቃ ታቢታ ነበረች፤ ዘንድሮ ኢየሩስ ተመረጠች።

እውነቱን ለመናገር አምሳሉም ቀንቷል። ሰው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ በሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ይቀናል ወይ? ይቀናል እንጂ፤ ያውም አንጀቱ እስኪያር። መናኸሪያ አጠገብ ባለው በዚህ ትምህርት ቤት በር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት እሱ ነው። የተማሪዎችን የጥቃት ዛቻ ስለ መመዘን ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የአምስት ቀን ስልጠና ሲዘጋጅ ግን ደብዳቤው የመጣው በምክር ባለሙያዋ በሀሴት ስም ነው፤ ገና በሁለት ዓመት አገልግሎቷ። ዓሣ ጥብሷን በልታ፣ ሰርተፍኬቷን ይዛ ተመለሰች። በሳምንቱ የዛቻ ምዘና ቡድን ሰብሳቢ ሆነች። ያን ቀን አምሳሉ ለስፖርት አስተማሪው «ቆይ ብቻ፣ አሳያታለሁ» ብሎት ነበር።

ይኸው ቀኑ ደረሰ። ሀሴት «አነስተኛ ስጋት» ብላ ትጽፋለች፤ ታቢታ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ሲፈጠር የዚያ ሰርተፍኬት ዋጋ ይታያል። እስከዚህ ድረስ አስቦበታል። «አንድ ነገር» ያለው የኢየሩስ ፊት መቆረጥ ሊሆን እንደሚችል ግን ማሰብ አልፈለገም።

«እንግዲህ አነስተኛ እንበለውና እንነሳ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ሰዓታቸውን እያዩ።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለች ሀሴት። «የስልጠናው መጽሐፍ ከውጭ የተተረጎመ ነው። ‹እገድላለሁ› አለ፣ ‹አቃጥላለሁ› አለ፤ ‹አሳይሻለሁ› ግን የለበትም። ጋሽ አምሳሉ፣ እርስዎ በር ላይ ብዙ ሰምተዋል። ተማሪ አሳይሻለሁ ሲል ምን ማለቱ ነው?»

አምሳሉ እንዲህ ተብሎ እስኪጠየቅ ስንት ጊዜ ጠብቋል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባዶ ፉከራ ነው። አብዛኛው ምን እንደሚያሳይ እንኳ አያውቅም። ሁለት ቀን ያኮርፍና ይረሳዋል።»

«የማይረሳውስ?»

«የማይረሳውማ...» ቁልፉ መዳፉን ወጋው። «የማይረሳው፣ የሚያሳየውን ነገር አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ነው።»

ሰለሞን ነገሩ ስለጣመው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። አምሳሉ ግን በገዛ አፉ ተያዘ። ስለ ታቢታ ተጠይቆ ስለ ራሱ መልሷል። ያ መቁረጫ ከማክሰኞ ጀምሮ የእሱ መሳቢያ ውስጥ ለሀሴት ተዘጋጅቶ ነው የተቀመጠው። አፈረ። ቅናቱ ግን በዚህም አልለቀቀውም፤ አሁን ቢናገር እሱ ይወቀሳል፣ እሷ ደግሞ ይበልጥ ትገንናለች። ይህን እያሰበ ሳለ የእረፍት ደወል ተደወለና የልጆቹ ጫጫታ ግቢውን ሞላው። ከመካከላቸው የኢየሩስን ድምፅ ለመለየት እየሞከረ መሆኑ ታወቀው።

ሀሴት ብዕሯን ቅጹ ላይ አሳረፈች።

«ቆይ፣ አትጻፊ» አላት። «የማሳይሽ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው ጋሽ አምሳሉ?»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው።

«የቢሮዬ መሳቢያ ነው፤ ሄደሽ ክፈቺው። ከታቢታ የወሰድኩት ሰኞ ነው። ሰኞ መሆኑንም ጻፊው።»