አምባሳደሩ ያጣው ስም

አምብሮስ ኪፒንግ ስምንት ዓመት በፖርቱጋል የካናዳ አምባሳደር ሆኖ ኖረና ጡረታ ሲወጣ፣ ቀሪ ዘመኔን ከወገኖቼ ጋር ላሳልፍ ብሎ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ጋነት ኮቭ ተመለሰ።

ወገኖቹ እቴ! ፊሎሚና ፓርዲ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ይኸው ሰው የፓርላማ አባል ሳለ፣ በየምርጫው በእሷ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ኬኳን እየጎረሰ፣ እኔ እያለሁ የዓሣ ፋብሪካችሁን የሚነካው የለም እያለ ይምል ነበር። ኋላ ፋብሪካው ይዘጋ ሲባል ይዘጋ ካሉት ጋር እጁን አወጣ፤ ወሩ ሳያልቅ የአምባሳደርነት ሹመቱ መጣለት። ሥራ ያጣው ባሏ ክሌመንት ወደ ሩቁ አልበርታ ክፍለ ሀገር ነዳጅ ሊቆፍር ሄዶ በሣጥን ተመለሰ። ከአምባሳደሩ አንዲት የሐዘን መስመር እንኳ አልመጣችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በየዓመቱ የገና በዓል ሲደርስ የጋነት ኮቭ ሰው ፊቱን በዳንቴል ሸፍኖ፣ የሌላ ሰው ልብስ ደርቦ፣ ድምፁን ለውጦ ቤት ለቤት ይዞራል። ባለቤቱ እንግዳውን በስሙ ከጠራው ይገለጥና አብሮ ይጠጣል፤ ካልጠራው እንደተሸፈነ ይቀራል። አምብሮስ ድሮ በዚህ ጨዋታ የሚስተካከለው አልነበረም፤ መራጩን በኮቴው ይለይ ነበር። ፊሎሚናም የክሌመንትን ካፖርትና ቦት ጫማ አጥልቃ ከአምስት ጎረቤቶቿ ጋር ቤቱ ገባች። በስሜ ከጠራኝ ቂሜን እዚያው እጥላለሁ፣ ካልጠራኝ ግን እዚህ አገር ደስ ብሎት አይኖርም ብላ ለራሷ ምላለች።

አምብሮስ እየሳቀ ዞራቸው። አምስቱን ገምቶ አምስቱንም ሳተ። ፊሎሚና ጋ ሲደርስ ግን ካፖርቱን አይቶ ፊቱ በራ።

«ይሄንንማ አልስተውም። አንተ ክሌም፣ አሁንም ይቺን ካፖርት አልጣልካትም?»



«ክሌም ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤» አለች ፊሎሚና በገዛ ድምጿ።

አምብሮስ ሊቀዳላቸው የያዘውን የመጠጥ ጠርሙስ አስቀመጠ። አልሰማሁም ነበር፣ ማንም አልነገረኝም እያለ ተንተባተበ። ማን እንደሆነች የገባው ቆይቶ ነው።

«አንቺ… የክሌም ሚስት ነሽ።»

«ስሜን ይጥሩኛ፣ ክቡርነትዎ።»

አፉን ከፈተ። ስንቱን ሚኒስትር በስም እየጠራ የተቀበለ ሰው፣ ሃያ ዓመት ኬክ ያበላችውን ሴት ስም አጣው። ጠበቀችው፣ ጠበቀችውና ወጣች። አምስቱም እንደተሸፈኑ ተከተሏት፤ መጠጡን የነካ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የፊሎሚና በር ተንኳኳ።

«ፊሎሚና፣» አለ አንድ ድምፅ ከውጭ። ስሟን ከማን ጠይቆ እንደመጣ እግዜር ይወቅ።

ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል ትለየዋለች። ተነሥታ ከበሩ ጀርባ ቆመች።

«ማን ልበል?»

«አምብሮስ ነኝ። አምብሮስ ኪፒንግ።»

«አላወቅኩዎትም፤» አለችና፣ ተቆልፎ የማያውቀውን በር ቆለፈችው።