የበረከት እፍኝ

እስቲ ንገሩኝ፣ በሠርግ ቤት፣ በሰው ፊት፣ የአንዲት ባልቴት የምርቃት እጅ ተዘርግቶ ሳለ «አይሆንም፣ ይመልሱት» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንዳትዋሹኝ። አላላችሁም። ኒዕማትም አላለችም።

ኒዕማት በኦምዱርማን ሃያ ሁለት ዓመት ጸጉር የሠራች ሴት ናት። የእህቷ የአላውያ ልጅ ተሳቢሕ ልታገባ ነበር። በዚያ አገር ሙሽራ በሴቶች ፊት ራሷን ገልጣ ትጨፍራለች፤ አንገቷን እንደ ርግብ እየሰበቀች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ እየበተነች። የሙሽራው እናትና አክስቶቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት የሚወራው ስለ ጥሎሹ አይደለም፣ ስለዚያ ጸጉር ነው። ተሳቢሕም ለዚያ ቀን ብላ ጸጉሯን በማለስለሻ ኬሚካል አስተኛችው።

«ኻልቶ፣ ሐር ሆነልኝ! በይ አሁን ሂናውን ጣል አድርጊበት» አለች አክስቷን።

«ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ኬሚካል የነካው ጸጉር ቁስለኛ ነው፤ ቁስለኛ አይጣደፍም።»

«ሠርጌ ሊያልፍ እኮ ነው!»

«ታዲያ ራሰ በራ ሆነሽ ልትጨፍሪ ነው?»

ልጅቷ እስክታነባ ሳቀች። ኒዕማትም ሳቀች። ያንን ሳቅ በኋላ በቢላዋ ቆርጣ ከደረቷ ብታወጣው በወደደች ነበር።

ሦስቱን ሳምንት ጠበቁ። ኒዕማት የሂናውን ቅጠል ከምታውቀው ገበሬ አስመጥታ ራሷ ወቀጠች፣ ራሷ ነፋች። ከተሳቢሕ ማጅራት ቀጭን ዘለላ ቆርጣ ቡኮው ውስጥ ቀብራ አሳደረችው። በማግሥቱ አጥባ ጎተተችው፤ አልተበጠሰም፣ ቀልቶ አበራ። ገበያ ሂና ተብሎ የሚሸጠውን ጥቁር ዱቄት ከደጇ አስገብታ አታውቅም። ንጹሕ ቅጠል ያቀላል እንጂ አያጠቁርም፤ የሚያጠቁረው የተደባለቀበት ማቅለሚያና የብረት ጨው ነው፣ ማለስለሻ በነካው ጸጉር ላይ ሲያርፍ ደግሞ እሳት ነው። ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተናግራለች። «የኒዕማት ስብከት» እያሉ ይስቁባት ነበር። ይሳቁ!

በተሳቢሕ አባት ዘመዶች ዘንድ አንድ ወግ አለ። ሂና ሲቦካ የቤተሰቡ ሴቶች ከየቤታቸው አንዳንድ እፍኝ ይዘው መጥተው፣ እየመረቁ የሙሽራዋ ሳህን ውስጥ ይጨምራሉ። ወጉ ለእጅና ለእግር በሚቦካው ሳህን ነበር። በዚያ ከሰዓት ግን ስድስት ሴቶች የጸጉሩን ሳህን ከበቡት።

«ቅጠል ብቻ ነው አይደል? ሌላ ነገር የለበትም?» አለች ኒዕማት።

«ጉድ በሉ! መርዝ ይዘን መጣን እንዴ?» አለች አንዷ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ።

የአባትየው አክስት ሐጃ ሲት አልነፈር በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «አንቺ፣ እኔ ስዳር እናትሽም አልተወለደች። እጄን ልትፈትሺ ነው?»

«ኧረ ሐጃ፣ እርስዎን አላልኩም።»

«እንግዲያው ዞር በይ።»

ዞር አለች፤ ስድስቱም እየመረቁ እፍኛቸውን ጨመሩ። ለማማሰል ስትመለስ በሳህኑ ከንፈር ላይ ጥቁር ብናኝ አየች። ነክታ አሸተተችው፤ ቅጠል ቅጠል አይልም፣ የዛገ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ቀና ብላ እህቷን አየቻት። አላውያ በዓይኗ ለመነቻት፤ በባሌ ዘመዶች ፊት አታዋርጂኝ። ሳህኑን ደፍቶ እንደገና ማቡካት የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። አንድ ሰዓት! ኒዕማት ግን አማሰለችው። እፍኝ በዚህ ሁሉ መሀል ምን ያደርጋል ብላ ራሷን አታለለች።

ቡኮው የተሳቢሕ ጸጉር ላይ ካረፈ ሩብ ሰዓት አልሞላም።

«ኻልቶ፣ ራሴ ጋለ።»

«ሂና ያቀዘቅዛል እንጂ አያግልም» አሉ ሐጃ። «የሙሽራ ድንጋጤ ነው።»

ኒዕማት ግን ልጅቷን ጎትታ ቧንቧው ሥር ደፋቻት። ውሃው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ ጸጉሩ ከውሃው ጋር መጣ። አልተነቀለም፤ ሟሟ። እንደ ራሰ ክር በጣቶቿ መሀል እየተሳበ ወረደ። ተሳቢሕ አልጮኸችም። «ስንት ቀረልኝ?» ብቻ አለች።

በማግሥቱ ሴቶቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ሼኽ መጥቶ ቁርኣን ቀራ። «የሰው ዓይን ነው» አሉ፤ ሁሉም ተስማማ። ዓይን! ተጠያቂ በጠፋ ቁጥር የሚጠራ፣ አድራሻ የሌለው፣ መልስ የማይሰጥ ወንጀለኛ። ከዓይን ቀጥሎ ደግሞ የኒዕማት ስም ተነሣ፤ «እጇ ደረቅ ነው፣ እኔ ድሮም አልወደውም» ተባለ። የሙሽራው እናት «ልጅቷ የደበቃችሁት ሕመም ነበረባት?» ብላ ላከች። ጭፈራው ይቅር አለች፤ ስለ ሠርጉም እናስብበታለን አለች። አላውያ የገዛችው ዊግ ከነካርቶኑ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

ኒዕማት ሻይ የያዙትን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። ያን ዱቄት የዘገነ እጅ መጥቆር ነበረበት። ግን የስድስቱም ጣቶች እስከ አንጓቸው ጥቁር ናቸው። በዚያ አገር ያገባች ሴት ክብሯ እሱ ነው፤ በዚያው ዱቄት ነው የሚጠቁረው። ማንን ከማን ትለያለች?

ጓዳ ገባች። ተሳቢሕ ተከናንባ ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታለች።

«ኻልቶ፣ ዱቄቱን አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

ልጅቷ አልዞረችም። «አንቺ እንኳ» አለች።

ኒዕማት የወለቀውን ጸጉር በትሪ ይዛ ወጣች። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ትሪውን ከሻዩ ብርጭቆዎች መሀል አስቀመጠችው።

«ተቀመጪ፣ አታሳፍሪን» አለች አላውያ በሹክሹክታ።

«ትናንት ላለማሳፈር ዝም ብያለሁ፤ ይኸው ፍሬው» አለች ኒዕማት። «ጥቁሩን ብናኝ አይቼ፣ አሽትቼ አማስያለሁ። ይህን በሁላችሁም ፊት ተናግሬአለሁ፤ የፈለጋችሁትን በሉኝ።»

ሐጃ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ዓይን ነው አልንሽ!»

«ዓይን ዱቄት አይዘግንም፣ ሐጃ። የሚዘግን እጅ ነው። ስድስት እጅ ነበር፤ ስድስቱም እዚህ አለ።»

ሁሉም ጣታቸውን ከተከናነቡበት ቶብ ሥር ሸሸጉ።

«ነገ እቤቴ መጥታችሁ በጆሮዬ አታንሾካሹኩልኝ፤ አልሰማም። ዛሬ፣ እዚሁ፣ ያቺ ልጅ ከጓዳ እየሰማች፣ ከስድስታችሁ አንዷ ተነሥታ በአፏ ትመልስልኝ፤ የማን እጅ ነው?»