የጠርዙ ቅብ

ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከመታወቂያውና ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ስፒከር ጠጋኝ ነው። የተቀደደ ወረቀት ይለውጣል፣ የተቃጠለ ሽቦ ጠቅልሎ ይተካል፣ በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ይሄ ይጮኻል፣ ይሄ ታፍኗል» ብሎ ያስተካክላል። በማይክሮፎንና በኮምፒውተር የሚለኩትን ሲያይ ይስቅባቸዋል። «ማሽን የሚገዛ ጆሮ የሌለው ነው» ይል ነበር፤ ያውም አፉን ሞልቶ። አይ ሰው! የሚናገረውን ቢያውቅ ምላሱን ይነክስ ነበር።

አብራው አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ነበረች፤ ቀቢዋ ይሏታል። እሱ ራሱ ነው ሙያውን ያስተማራት። ሥራዋ ወረቀቱን ማጣበቅና ጠርዙን መቀባት ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህ ቅብ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ፤ አትሰልቹብኝ። የስፒከር ወረቀት፣ ፊት ለፊቱ ያለው ያ ሾጣጣ፣ ወፍራም ድምፅ ሲያወጣ ሁለመናው አንድ ላይ ወደፊት ወደኋላ ይላል። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ግን ኅብረቱ ይፈርሳል፤ መሀሉ ወደፊት ሲል ዳሩ ወደኋላ ይላል፣ ንዝረቱም ጠርዝ ድረስ ሄዶ ተጋጭቶ ይመለሳል። ሂያጁና ተመላሹ አንድ ቦታ ላይ ይረዳዱና ያ አንዱ ድምፅ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይጮኻል፤ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ይጠፋፋሉና ድምፁ ይጎድላል። ሰው ሲናገር «ሰ» እና «ሸ» ባለ ቁጥር ጆሮ የሚቆርጥ ስፒከር ሰምታችሁ ከሆነ፣ እሱ ነው በሽታው። መድኃኒቱ ጠርዙ ላይ የማይደርቅ የሚያጣብቅ ቅብ በስሱ መቀባት ነው። ቅቡ የመጣውን ንዝረት ይውጠዋል፣ አይመልሰውም። ሲበዛ ድምፁን ይገድለዋል፣ ሲያንስ ያስጮኸዋል። የቀቢዋ እጅ ልኩን ያውቃል።

የተጣሉት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ስምንት የስፒከር ሳጥኖች ለጥገና መጥተው ነበርና ጋሽ ጆሮ አዳምጦ፣ አስተካክሎ፣ «አልቋል» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ቀቢዋ የአንዱን ሳጥን ፊት ፈትታ ብሩሽ ይዛ ተጎንብሳለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ደነገጠች። «ጠርዙን... ትንሽ እየነካካሁት ነው ጋሼ።»

«እኔ የጨረስኩትን?»

ዝም አለች። ዝም ባትል ይሻል ነበር፤ እሱን ዝምታ ያሳብደዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሏል፣ ከመንገዱ ማዶ ሌላ የጥገና ቤት ያለው፣ ቀጭኑ የሚሉት ሰው ደጁ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ጆሮ አንዱንም አላየም።

«አብልቼ ያሳደግኩት እባብ!» ብሎ ጮኸ። «ከጀርባዬ ሥራዬን ታበላሺያለሽ? ውጪ! ሁለተኛ ዓይንሽን እንዳላይ!»

ቀቢዋ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገች፣ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ወጣች። አንድ ቃል አልመለሰችም። እሱ ግን በዚህ አልረካም። በዚያው ሳምንት በጥገና ቤቶቹ ሁሉ እየዞረ፣ መጀመሪያ ቀጭኑ ጋ፣ «እጇ ሥራ ያጠፋል፣ እንዳትቀጥሯት» ብሎ አስጠነቀቀ። ጋሽ ጆሮ ያለውን ማን ይሽራል? ማንም አልቀጠራትም።

ስምንቱን ሳጥኖች ደግሞ እንደገና አዳመጣቸው። ከቅቡ በታች ድምፁ የታፈነ መሰለው። ምላጭ አወጣና የስምንቱንም ጠርዝ አንድ በአንድ ፋቀው። አሁን ጠራ! አሁን ደስ አለው! ወደ አዳራሹ ላካቸው።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ የአዳራሹ ኃላፊ ሳጥኖቹን በመኪና ጭኖ ተመለሰ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲናደድ እንኳ ክራቫቱን ነው የሚያስተካክለው። «ጋሽ ጆሮ፣ ሰው ስብሰባውን ጥሎ እየወጣ ነው። አንድ ሽማግሌ ጆሮዬን ወጋኝ ብለው እስካሁን ይረግሙናል።»

«የዚያች ሴትዮ እጅ ነው» አለ ጋሽ ጆሮ ሳያመነታ። «አሁን በዓይናችሁ አሳያችኋለሁ። ኑ፣ ሁላችሁም ኑ!» ልብስ ሰፊውን ጠራ፣ ቀጭኑን ጠራ። ምስክር ፈለገ እኮ! ሰው ለራሱ ውርደት እንዲህ ጥሪ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ዕቃ ነበረው፤ እጀታውን ስታዞረው ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ በተራ ያወጣል። ከአንዱ ስፒከር ጋር አገናኘውና ማዞር ጀመረ። ወፍራሙ ወጣ፣ መካከለኛው ወጣ፣ እየቀጠነ ሄደ... ከዚያ ጠፋ። ፀጥ።

«ሰማችሁ?» አለ ደስ ብሎት። «ድምፁ እዚህ ጋ ጠፋ! ገድላዋለች አላልኳችሁም?» የጠፋውን ለማግኘት ድምፁን ጨመረ። አሁንም ፀጥ። ይበልጥ ጨመረ።

ቀና ሲል ልብስ ሰፊው ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ኃላፊው ፊቱን አጨማዶ ወደ ደጅ እያፈገፈገ ነው። ቀጭኑ ዘልሎ መጣና መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለው።

«አንተ ሰው፣ ልትገድለን ነው?» አለ። «ኧረ ጆሮዬ!»

ጋሽ ጆሮ አሁንም አልገባውም። መሰኪያውን መልሶ ሰካ፣ ድምፁን ቀነሰ፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። ጣቱ ይሰማዋል፤ ጆሮው አይሰማም። እጀታውን ወደኋላ መለሰው፣ ሰማ። ወደፊት ገፋው፣ ጠፋ፤ ጣቱ ግን ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ አደረገው። ላብ አጠመቀው። ጉድለቱ ስፒከሩ ውስጥ ሳይሆን እሱ ራስ ውስጥ ነበር፤ እሱ የማይሰማውን ድምፅ ሊሰማ ብሎ ሰው የማይችለው እስኪሆን ድረስ አስጩኾታል። «ሽቦው ላልቶ ነው፣ ሰኞ ኑ» ብሎ ሸኛቸው። ዋሸ። ሌላ ምን ይበል? መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ብቻውን ሲቀር ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ሳጥን አየ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት እሱ ያስተካከለው፣ ሰሞኑን ሽቦው ተበጥሶ የመጣ። ፈታው። ጠርዙ ላይ የራሱ የምላጭ ጭረት አለ። ከጭረቱ በላይ ደግሞ በስሱ፣ እኩል የተቀባ ቅብ አለ። ያንን እጅ ያውቀዋል። እሱ ከፋቀ በኋላ የተቀባ ነው። ያን ማክሰኞ ብሩሽ ይዛ ያገኛትም ሥራውን ስታበላሽ አልነበረም፤ ያበላሸውን ስታቃና ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንደ እሱ ያለውን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ማንም ሳያየው እንኳ አፈረ።

እሑድ ጠዋት ቤቷ ሄደ። ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የወረቀት ከረጢት ታጣብቃለች። ለሱቆች ነው፤ በመቶ ተቆጥሮ የሚሸጥ። ያ እጅ፣ ያ ልክ የሚያውቅ እጅ! ሊያይ አልቻለም፤ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ።

«ግባ ጋሼ። በሩን ዝጋው፣ ነፋሱ ወረቀቱን ይበትንብኛል።»

ዘጋው። ተቀመጠ። «ያው... ያለፈው አልፏል» ብሎ ጀመረ። «ሰው ይቆጣል። ሥራሽ ላይ ተመለሺ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ምኑ ነው ያለፈው?» አለች ቀና ሳትል።

 ከዚያ ያ ሁሉ ዝርዝር፣ የጠፋው ድምፅ፣ የሚንቀጠቀጠው ወረቀት፣ ከጭረቱ በላይ ያለው ቅብ፣ ተዘረገፈ። ሲጨርስ ድምፁ ለራሱ እንኳ አልሰማ ብሎት ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«አምስት ዓመት ይሆነዋል።»

አምስት! የዛሬ አራት ዓመት አዳራሹ ሲመረቅ መድረክ ላይ ጠርተው አጨብጭበውለታል። «ጆሮ የፈጣሪ ስጦታ ነው» ብሎ ንግግር ማድረጉ ትዝ አለው። እሷ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀምጣ ታጨበጭብ ነበር። ኧረ እፍረቱ! ያን ሁሉ ዓመት የበላው ምስጋና የሷ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበርኮ። አንዱን "ይሄኛው ትንሽ ይጮኻል" ስልህ፣ "አንቺ የተቀጠርሽው በእጅሽ ነው፣ ጆሮሽን ቤትሽ አስቀምጪው" አልከኝ። ሰው ፊት።» ከረጢቱን አጠፈች። «ከዚያ በኋላ ፈራሁ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ብነግርህ የምትሰበር መሰለኝ። አንተ ስትወጣ እቀባዋለሁ፣ ምን ይጎዳኛል ብዬ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «በጣም አፍሬአለሁ፣ እታለም።»

ቀቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ቢቆጡት በቀለለው። «ስትሰድበኝ በሩ ክፍት ነበር ጋሼ» አለች። «ይቅርታውን ግን ዘግተህ ነው የምትለው።»

በሩን የዘጋው በሷ ትእዛዝ ነበር። ይህን ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ሲሟገት ሄደ። ቢናገር አለቀለት፤ ለደንቆሮ ድምፅ አስተካክልልኝ ብሎ ስፒከር የሚሰጥ የለም፣ የሠላሳ ዓመት ስም በአንድ ቀን ይቀበራል። ባይናገር ደግሞ እሷ በሱ አፍ የጠፋ ስሟን ተሸክማ ከረጢት እንዳጣበቀች ትቀራለች። በቀላሉ «ታርቀናል» ብሎ ቢያስመልሳትስ? ይህንንም አሰበ፤ አይዋሽ። ግን ያኔ ሰው «ማረላት» ይላል፤ እሱ ይቅር ባይ፣ እሷ በዳይ ሆና ልትኖር ነው። 

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ምሳ በልቶ ደጅ ደጁ ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ መንገዱ መሀል ወጥቶ ቆመ። ቀቢዋን አስጠርቷት ነበር፤ መጥታ ልብስ ሰፊው በር ጋ ቆማለች። የአዳራሹ ኃላፊም ለሳጥኖቹ መጥቷል።

«ዛሬ... ሙቀት ነው» አለ ጋሽ ጆሮ።

«ነው» አሉት።

ጉሮሮውን ጠረገ። «መንገዱን አስፋልት ሊያለብሱት ነው ሲባል...»

«ምን ሆነሃል? አሞሃል?» አለ ቀጭኑ።

«ደንቁሬአለሁ» አለ። ወጣለት። «ቀጭኑን ድምፅ አልሰማም። አምስት ዓመቴ ነው። የማበላሸውን ሁሉ ከኋላዬ እየተከተለች የምታቃናው እሷ ነበረች። ያን ቀንም እያቃናች ሳለ ነው እናንተ ፊት የሰደብኳት። የአዳራሹን ሳጥኖች ቅብ የፋቅኩት እኔ ነኝ፣ በምላጭ። እጇ ሥራ ያጠፋል ብዬ በየቤታችሁ የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ሥራ የሚያጠፋው እኔ ነኝ።»  ወደ እሷ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

 ልብስ ሰፊው ነው መጀመሪያ የተነፈሰው። «መደንቆርህንማ እናውቃለን፤ ቴሌቪዥንህን እኮ እኛ ቤት ተቀምጠን ነው የምንሰማው። የማናውቀው የሷን ነው።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጋሽ ጆሮ አንገቱን ደፋ። ከራሱ እንኳ ሲደብቀው የኖረው ነገር ለካ አደባባይ ላይ የተሰጣ ነበር፤ የሚያሳፍረው ግን ሳቁ አይደለም፤ ያቺ ሴት ያንን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለቷ ነው።

ቀጭኑ ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረ። ለቀቢዋ እጁን ዘረጋላት። «እኔም በወሬ ነው የመለስኩሽ፤ በደሉ የኔም ነው። ነገ እኔ ጋ ግቢ።»

ጋሽ ጆሮ ትንፋሹን ዋጠ። ወደሱ ትመለሳለች ብሎ ነበር፤ ለምን እንዲህ እንዳሰበ እሱ ራሱ አያውቅም።

«እሺ፣ እገባለሁ» አለች ቀቢዋ።

ልትሄድ ስትል በአጠገቡ አለፈች። ቆም አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለችው። ከንፈሯን አየ። ከቃሉ ግን ግማሹ ብቻ ነው የደረሰው። ራሱን በአዎንታ ሊነቀንቅ ጀመረ፤ እንዲህ ነበር አምስት ዓመት የኖረው፣ እየነቀነቀ፣ እየሳቀ። መሀል ላይ ተወው።

«አልሰማሁሽም» አለ። ፊቱ ጋለ። «እባክሽ ድገሚልኝ።»

ቀቢዋ ቀረብ አለችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «ስምንቱን ሳጥኖች ወደ ቀጭኑ ቤት አሻግራቸው! እኔ እጨርሳቸዋለሁ። አሁን ግን በእኔ ስም ነው የሚሄዱት!»

መንገዱ ሁሉ ሰማ፣ የአዳራሹም ኃላፊ ሰማ። ጋሽ ጆሮም ሰማ።

«እሺ» አላትና የመጀመሪያውን ሳጥን ሊያወጣ ገባ።