ሁለት ጣት ትርፍ

እና ጀርባው ረጅም ስለሆነ ነው ክብር ያለው፣ እንደዚያ ነው የሚለው ዱዓሌ፣ የእናቴ ልጅ፣ ኩልሚዬ ይሄ ወንበር የትልቅ ሰው ነው ይለኛል፣ ተደግፈሽ ትቀመጫለሽ፣ እኛ እንገፋሻለን፣ ምን ጎደለሽ፣ ምን ጎደለኝ፣ እግሬ ነዋ የጎደለኝ ወላሂ፣ ሌላውማ አለ፣ ምላሴ አለ፣ ክንዴ አለ፣ ሃያ ዓመት ጣቃ ጨርቅ ሲያነሳ የኖረ ክንድ። አሁን የመውጫ ወረቀቴን ሊፈርም ጽሕፈት ቤት ገብቷል። እስኪመለስ መምረጥ አለብኝ።

አራት ባለ ጎማ ወንበር። የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተደርድረው እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ በበሩ አያቸዋለሁ፣ በርዳታ የመጡ ናቸው፣ ዛሬ ያልተወሰደው ነገ በካሚዮን ተጭኖ ሐረር ላለ በሽተኛ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዛሬ ነው፣ አስቤበት ልምጣ የሚባል ነገር የለም፣ እኔም ደንበኛ አስቤበት ልምጣ ሲለኝ አልወድም፣ የሚገዛ ይገዛል።

የዱዓሌ ምርጫ በሸምበቆ የተጠለፈው ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን አራቱም ጎማ ትንንሽ ነው፣ የተቀመጠበት ሰው እጁ የሚደርስበት ጎማ የለውም፣ ሰው ካልመጣ አይሄድም፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከኋላ ነው፣ ሦስት ሳምንት በዚህ ግቢ በዚሁ ወንበር አንዴ ዱዓሌ አንዴ ሚስቱ ሃዎ ገፍተውኝ አይቼዋለሁ፣ ሃዎ ከጀርባዬ ሆና ከሰው ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች፣ በምን እንደምትስቅ አላይም፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አቁማኝ ሄዳ ራሴ ሊፈነዳ ሲል መጣች፣ አቦ ረሳሁሽ አለችኝ። ረሳሁሽ። ጃንጥላ ነኝ?

እሷው ናት መደቡን ልያዝልሽ የምትለው፣ ቀፊራ ገበያ ያለውን፣ ሽቲና አቡጀዲ ጨርቅ የምሸጥበትን፣ አንቺ ቤት አረፍ በይ፣ እኔ እሸጥልሻለሁ። ክፋት የላትም ይሆናል። ግን ገፊ የሚያስፈልጋት ነጋዴ ገፊዋ በነቃች ሰዓት ነው መደቧን የምትከፍተው፣ ገፊዋ ካመማት ደግሞ አትከፍትም፣ ዓመት ሳይሞላ የኩልሚዬ መደብ የሃዎ መደብ ይባላል፣ እኔም ጥግ ላይ ጀርባው ረጅም ወንበር ላይ ተቀምጬ ምሳ እስኪያመጡልኝ እጠብቃለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። አይሆንም።

ባለ ሦስት ጎማው ነው ልቤን የወሰደው። ብስክሌት ነው በለው፣ ሰንሰለት አለው፣ በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ የሚያደርጉት ዘንግ አለው፣ ትናንት ሸረፈዲን፣ የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ አስቀምጦኝ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር አስፋልቱ ላይ በረርኩበት፣ ሻሼ ወደቀ፣ አንድ የጋሪ ፈረስ ቀደምኩ፣ ከወደቅኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ይሄን ስጠኝ አልኩት። ሽበቱን እያከከ ቤትሽ ውስጥ ወዴት ታዞሪዋለሽ አለኝ፣ ለመዞር የካሚዮን ቦታ ይፈልጋል፣ ሽንት ቤት በምን ትደርሻለሽ፣ ደጅ አቁመሽው በደረትሽ ልትሳቢ ነው፣ ይሄ መንገዱ ሩቅ ለሆነ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል። አንቺ የት ነው የምትውይው አለኝ። ተቀምጬ አልኩት። እንግዲያው ለመቀመጫው ምረጪ አለኝ። ተናደድኩ፣ ግን ልክ ነው፣ ልክ የሆነ ሰው ያናድዳል።

ቀሩ ሁለቱ ታጣፊዎች፣ ከኋላ ትልልቅ ጎማ፣ በጎማው ዙሪያ እጅ የሚይዘው ቀለበት፣ ከፊት ትንንሽ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ሸረፈዲን ሰፊውን ለእኔ ብሎ ያስቀመጠው በራሴ ልክ ነው፣ ልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ዳሌዬን ወንድ አይለካኝም ብዬ አንሶላው ሥር በጨርቅ ቅዳጅ ራሴ ለካሁ፣ እኔ ነኝ እንጂ መለካት የማውቅ፣ ክንድና ስንዝር የማውቅ፣ ዛሬ ጠዋት ሲያስቀምጠኝ ግን ዋኘሁበት፣ ወደ ግራ ተንሸራተትኩ፣ ክንዴ እንደ አሞራ ክንፍ ተዘርግቶ ቀለበቱን በጣቴ ጫፍ ብቻ ነካሁ። ሸረፈዲን ቅዳጁን አንስቶ በላዬ ላይ ዘረጋው፣ አራት ጣት ትርፍ፣ በዚህም አራት ጣት፣ በዚያም አራት ጣት። ምንድነው ይሄ አለኝ። ምን ልበለው። ምራቂ ነው፣ ለደንበኛ ከልኩ በላይ የሚጨመር። እጄ ለምዶበት ለራሴም መርቄያለሁ። ሃያ ዓመት ክንድ ሳልመርቅ ቀድጄ አላውቅም፣ ደንበኛዬ ሁሉ በዚያ ነው የሚመጣ።

ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁን ትቶ ስሚ ወላሼ፣ ስሚ እህቴ አለኝ፣ ወንበር እንደ ጫማ ነው እንጂ እንደ ሽቲ አይደለም፣ ሁለት ጣት ትርፍ ይበቃዋል። ሐኪሙ በወረቀት ያጻፈውን አነበበልኝ፣ ሕመምተኛዋ ከወገብ በታች ስሜት ስለሌላት በየሰዓቱ በክንዶቿ ከመቀመጫዋ ከፍ እንድትል፣ ትራስ እንዳይለያት፣ እንዲህ እንዲህ ይላል። በሰፊው ከተጋደምሽ አጥንትሽ ብረቱ ላይ ያርፋል አለኝ፣ ይቆስላል፣ አንቺ አይሰማሽም፣ እኔ ያየሁትን አላሳይሽ። አላሳየኝም። ፊቱን ግን አየሁት።

አይሰማሽም። የሚሰማኝ ሌላ ነው፣ ባቡሩ ጣቢያ ሳይደርስ ቀስ ሲል፣ የጉምሩክ ፊናንሶቹ ለፍተሻ ሲዘጋጁ፣ እኔና ዱዓሌ ሁለት እስር የኮንትሮባንድ ጨርቅ ይዘን፣ እሱ ቀድሞ ዘሎ ከታች ዝለዪ ሲለኝ፣ ዘለልኩ፣ መቶ ጊዜ ዘልያለሁ፣ መቶ አንደኛው ላይ ድንጋዩ ነበር፣ ወገቤን፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ ይባላል፣ ማን ያልመጠነ አለ፣ እሱም መጠነ እኔም መጠንኩ። ተይው። አሁን ወንበሩ ነው።

ጠባቡ። ሃዎ የልጅ ወንበር ይመስላል ብላለች፣ ሰው አጥታ ነው ይሉሻል ብላለች፣ ይበሉ። ሸረፈዲን ና አስቀምጠኝ እለዋለሁ፣ አይ፣ አትያዘኝ፣ ቁም ብቻ። የጎኑን መደገፊያ ነቅሎ ያነሳልኛል፣ ይሄ ይነቀላል፣ የሸምበቆው አይነቀልም፣ ወንበሩን አልጋው ጎን አድርጎ ፍሬኑን ይይዝልኛል፣ እጄን እተክላለሁ፣ ዳሌዬን እወረውራለሁ፣ አንድ፣ አልደረስኩም፣ ላብ፣ ሁለት። ገባሁ። መደቤም በዚሁ ከፍታ ነው፣ በዚሁ ዘዴ ከወንበሩ ወደ መደቡ፣ ከመደቡ ወደ ወንበሩ፣ ማንንም ሳልጠራ። ያጠብቃል። ጥሩ ጫማ መጀመሪያ ያጠብቃል። እጄን ስለቀው ቀለበቱ እዚያው ነው፣ መዳፌ ሥር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እነዚህ የፊት ጎማዎች ይሰምጣሉ፣ አውቃለሁ፣ እሱን ኩሊ ያሻግረኛል፣ ጣቃ የሚያሻግርልኝ ኩሊ እኔንም ያሻግራል፣ ከአሸዋው ወዲያ ግን ሂድ እለዋለሁ።

ዱዓሌ መጣ። ወረቀቱን እያጠፈ በቀጥታ ወደ ሸምበቆው ወንበር ይሄድና ባዶ መሆኑን ያያል፣ ከዚያ እኔን። ይሄ ምንድነው። ወንበሬ ነው። ኩልሚዬ፣ ተነጋግረን የለም። አንተ ነህ የተነጋገርከው። ሰው ምን ይላል አቦ፣ እህቱን መግፋት ታከተው አይለኝም? ሰው የሚለውን እኔ ቀፊራ ተቀምጬ ፊት ለፊት እሰማዋለሁ እለዋለሁ። ዞሮ ከኋላዬ ቆመ፣ እንደለመደው፣ እጁን መያዣው ላይ አሳረፈ፣ ወንበሩ ሲከብድ ይሰማኛል።

እጅህን አንሳ።

ትወድቂያለሽ።

አንሳ ወንድሜ፣ በጎኔ ሂድ።

አነሳ። ቀለበቱን ጨበጥኩ፣ ገፋሁ፣ አልሄደም፣ ፍሬኑ ነው፣ ሸረፈዲን ጎንበስ ብሎ ይፈታልኛል እንጂ አይስቅም፣ እንደገና ገፋሁ፣ ሄደ፣ በበሩ አለፈ፣ በሁለቱም ጎን ክፍተት አለ፣ በረንዳው፣ ወደ ግቢው የሚያወርደው ሳንቃ፣ ቀስ፣ መዳፌን ያቃጥለኛል፣ ግቢው። ዱዓሌ ግራዬ ላይ ነው፣ እርምጃውን ከጎማው ጋር ማስተካከል አልቻለም፣ ይቀድመኛል፣ ይቆማል። ቀና ብዬ አየሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኋላዬ ነበር፣ ሲያወራኝ ከኋላዬ፣ ዝም ሲል ከኋላዬ፣ ለካ ፊቱ እንዲህ ሆኗል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ እንባው እየወረደ ነው፣ አይጠርገውም፣ ዛሬ የጀመረ እንባ አይደለም ይሄ።

ይከብዳል? ይለኛል።

ይከብዳል እለዋለሁ፣ እገፋለሁ፣ እሱም በጎኔ ይሄዳል።